ራስ ምታት በችሎት ፊት፦ የአሜሪካ ወታደሮች የካሳ ክርክር ታሪክ

ራስ ምታት ለሌላ ሰው ዓይን አይታይም። እጁን ያጣ ወታደር ባዶ እጅጌውን ያሳያል፤ ጥይት የመታው ጠባሳውን ገልጦ ያስመለክታል፤ ማይግሬን የሚጥለው ግን ከቃሉ በቀር የሚያቀርበው የለውም። በደም ምርመራም ሆነ በራጅ ማይግሬን መኖሩን የሚያረጋግጥ ዘዴ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሐኪሙ ራሱ ከውሳኔ የሚደርሰው ሕመምተኛውን ጠይቆና ሌሎች በሽታዎች አለመኖራቸውን አጣርቶ ነው። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮቹ የሚከፍለው የአካል ጉዳት ካሳ ታሪክ በራስ ምታት በኩል ሲነበብ አንድ ክርክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ የታመመው ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ነው ወይስ ልመና? ሕጉ ማስረጃ ነው ብሎ እስኪቀበል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። መቀበሉ ትክክል ነበር፤ ይህን በሽታ ለመመዘን ሌላ መንገድ የለምና። ሆኖም ቃሉ ሚዛን የሚደፋው ሕመሙ ስንት የሥራ ቀን እንደበላ ሲናገር ነው፤ ከታች የሚተረከው ታሪክም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው አገሪቱ ገና ሳትጸና ነው። የነጻነት አዋጁ ታውጆ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 26 ቀን 1776፣ አህጉራዊው ኮንግረስ በጦርነቱ እጅ ወይም እግሩን ላጣ፣ አለዚያም ሠርቶ መብላት ለተሳነው ሰው የደመወዙን ግማሽ ለመክፈል ቃል ገባ። በዚህ አጭር ድንጋጌ ውስጥ ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ የጎደለው አካል ነው፣ ሌላው የጎደለው እንጀራ። የመጀመሪያው በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው ተጠይቆ፣ ተመስክሮ የሚታወቅ ነው። ከዚያ በኋላ በመጣው ታሪክ ሁለቱ መለኪያዎች ሲፎካከሩ ኖረዋል። ለረዥም ጊዜ ያሸነፈውም የሚታየው ነው፤ ለጸሐፊውም፣ ለሐኪሙም፣ ለገንዘብ ያዡም የሚቀለው እሱ ነበርና።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በሩን ሰፋ አደረገው። ጁላይ 14 ቀን 1862 የወጣው የጡረታ ሕግ ከቁስል ሌላ በአገልግሎት ላይ የተገኘ በሽታንም አካተተ። ፈጽሞ መሥራት ለተሳነው ተራ ወታደር በወር 8 ዶላር፣ ለሌተና ኮሎኔልና ከዚያ በላይ ላለው መኮንን 30 ዶላር ተቆረጠ። በሽታው ከአገልግሎቱ ለመምጣቱ ግን ማስረጃ ይጠየቅ ነበር፤ የሐኪም ወረቀት፣ የአለቃ ምስክርነት፣ አብረው የዘመቱ ጓዶች ቃለ መሐላ። በፀሐይ ተመትቼ ወድቄያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ራሴን ያመኛል፣ ያዞረኛል የሚለው አቤቱታ በዘመኑ የጡረታ መዝገቦች ውስጥ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ሐኪም ቦርዱ ሲቀርብ የሚዳሰስ ነገር አልነበረውም። ሐኪሞቹ የጉዳቱን መጠን በአሥራ ስምንተኛ ክፍልፋይ ይጽፉ ነበር፤ 4 በ18፣ 8 በ18 እያሉ። ጣት ሲቆረጥ ክፍልፋዩ ከሰንጠረዥ ይገኛል፤ ለራስ ምታት ግን በዕለቱ ከተቀመጡት ሐኪሞች ግምት የሚወጣ ቁጥር ነበር።

ሐኪሞቹ ራሳቸው በሁለት ሐሳብ ተይዘው እንደነበር አንድ የፊላደልፊያ ሆስፒታል ይመሰክራል። በጦርነቱ ዘመን ተርነርስ ሌን በተባለው ሆስፒታል የነርቭና የልብ ሕመምተኛ ወታደሮች ይታከሙ ነበር። እዚያ የሠራው ጃኮብ ሜንዴስ ዳ ኮስታ ከ300 በላይ ወታደሮችን አጥንቶ በ1871 አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ልባቸው ይደልቃል፣ ደረታቸውን ይወጋቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያዞራቸዋል፤ በምርመራ ግን በልባቸው ላይ ጉልህ ጉዳት አይታይም። ዳ ኮስታ የሚታይ ነገር ባያገኝም በሽታ ነው ብሎ ስም ሰጠው። በዚያው ሆስፒታል የነበሩት ሳይላስ ዊየር ሚቸል፣ ዊልያም ኪንና ጆርጅ ሞርሃውስ ደግሞ በ1864 የነርቭ በሽታ አለብኝ እያሉ የሚያስመስሉ ወታደሮችን ስለማጋለጥ ጻፉ፤ ኤተር አስሽትቶ ማደንዘዝም ከዘዴዎቻቸው አንዱ ነበር። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ፣ ሁለት ተቃራኒ መነሻ፤ አንደኛው ሰውየው ያለውን ይዞ በሽታውን ይፈልጋል፣ ሌላው ሰውየውን ተጠርጣሪ አድርጎ ይነሳል። የካሳ ሕጉ ከዚያ በኋላ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ ኖሯል።

ጥርጣሬው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የጡረታው ወጪ እያደገ ሄዶ በ1887 ዋሽንግተን ላይ ለጡረታ ቢሮው ብቻ ግዙፍ ቀይ የጡብ ሕንጻ ተሠርቶ አለቀ። በ1890 የወጣው ሕግ 90 ቀን አገልግሎ በክብር የተሰናበተና የጉልበት ሥራ መሥራት ያቃተው ሁሉ፣ ሕመሙ ከጦርነቱ ባይመጣም እንኳ፣ በወር ከ6 እስከ 12 ዶላር እንዲያገኝ ፈቀደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጡረታው ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ 40 በመቶ ያህሉን ይወስድ ጀመር። ከዚያ ቀደም ብሎ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ በመጀመሪያው የሥልጣን ዘመናቸው ኮንግረስ ለግለሰቦች ያጸደቃቸውን ከ200 በላይ የጡረታ ረቂቆች ማጭበርበር አለባቸው እያሉ መልሰዋል። ዛሬም የሚሰማው ክስ፣ የማይታይ በሽታ የሐሰተኞች መደበቂያ ነው የሚለው፣ ሥሩ እዚህ ነው። ነገር ግን ጥርጣሬ ሲነግሥ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነም ያው ዘመን ያሳያል። የታሪክ ተመራማሪዎች መዝገቦቹን ሲመረምሩ ጥቁር ወታደሮች ከነጮቹ ይልቅ አቤቱታቸው ብዙ ጊዜ ውድቅ ይደረግባቸው እንደነበር አግኝተዋል። በባርነት ተወልዶ ወረቀት የሌለው ሰው ወረቀት አምጣ ሲባል፣ ሐኪሙም የፈለገውን እንዲያምን ሲፈቀድለት፣ ውጤቱ ይኸው ነው። ውሳኔው በሐኪሙ ግምት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ሐሰተኛውን ከእውነተኛው አይለይም፤ የሚለየው ዳኛው የሚወደውን ከማይወደው ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የሒሳቡን መሠረት ቀየረ። ኦክቶበር 6 ቀን 1917 የጦርነት አደጋ መድን ሕጉ ሲሻሻል ክፍያው ከጡረታ ወደ ካሳ ተለወጠ፤ መጠኑም ጉዳቱ በሲቪል ሥራ ላይ በአማካይ በሚቀንሰው የገቢ አቅም እንዲወሰን ታዘዘ። ይህ የ1776ቱ ሁለተኛ መለኪያ፣ የጎደለው እንጀራ፣ በሕግ ደረጃ ወደፊት የወጣበት ቀን ነው። በመርህ ደረጃ ለራስ ምታት ከዚህ የተሻለ ሕግ የለም፤ በወር አራት ቀን ከሥራ የሚቀር ሰው ምን ያህል እንደጎደለው ማስላት ይቻላልና። ጊዜውም የከባድ መሣሪያ ጩኸትና የመርዝ ጋዝ ዘመን ነበር። የእንግሊዙ ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በ1915 የፍንዳታ ድንጋጤ ያለውን ሕመም በሕክምና መጽሔት ላይ ካስተዋወቀ ወዲህ፣ ሳይቆስል የታመመ ወታደር በየአገሩ አነጋጋሪ ሆኖ ነበር። በ1921 የተቋቋመው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ቢሮም ወዲያው በቅሌት ተመታ፤ ይሁንና ገንዘቡን በሉ የተባሉት ራስ ምታት አለብን ያሉ ወታደሮች አልነበሩም። ወህኒ የወረደው በሆስፒታል ግንባታ ውል መንግሥትን ለማጭበርበር በማሴር የተፈረደበት የቢሮው የመጀመሪያ ሹም ቻርልስ ፎርብስ ነው።

ቀጣዩ ዘመን በይግባኝ ታሪክ ውስጥ የተዘጋ በር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መካከል፣ ማርች 1933፣ ኮንግረስ ወጪ ለመቀነስ ባወጣው ሕግ የወታደሮች ክፍያ ተቆረጠ፤ ካሳውን የሚያስተዳድረው የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ውሳኔም በፍርድ ቤት እንዳይመረመር ተከለከለ። በዚያው ዓመት የይግባኝ ቦርድ ተቋቋመ፤ ቦርዱ ግን የዚያው መሥሪያ ቤት አካል ነበር። ጠበቃ ለመያዝ ቢታሰብም፣ ከ1864 ጀምሮ ጠበቃ ከወታደር ሊቀበል የሚችለው ክፍያ ከ10 ዶላር እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኖ ነበር። ወታደሩን ከበዝባዥ ለመጠበቅ የወጣው ይህ ጣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይነካ ስለቆየ፣ በኋላ ላይ ወታደሩን ያለ ጠበቃ የሚያስቀር ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ መስኮት ተከፈተ። ዲሴምበር 20 ቀን 1941፣ ፐርል ሃርበር በተመታ በሁለተኛው ሳምንት፣ በውጊያ ላይ የነበረ ወታደር ስለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው ቃል ከውጊያው ሁኔታ ጋር እስከተስማማ ድረስ ሰነድ ባይኖርም ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያዝ ሕግ ወጣ። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ጥይት በሚዘንብበት ቦታ መዝገብ የሚይዝ የለም። በሕግ ደረጃ የወታደሩ ቃል ብቻውን ክብደት ያገኘበት ትልቁ እርምጃ ይህ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ መሥሪያ ቤቱ የ1945ቱን የጉዳት መመዘኛ ሰንጠረዥ አወጣ። ለማይግሬን የተሰጠው መለያ ቁጥር 8100 ነው፤ መስፈርቱም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። ባለፉት ወራት በአማካይ በሁለት ወር አንዴ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ለሚነሳበት 10 በመቶ፣ በወር አንዴ ለሚነሳበት 30 በመቶ ይሰጣል። እጅግ ደጋግሞ የሚመጣ፣ ፈጽሞ የሚጥል፣ ቶሎ የማይለቅና በእንጀራው ላይ ከባድ ችግር የሚያስከትል ሲሆን 50 በመቶ ነው። ከዚህ በታች ለሆነው ዜሮ ይጻፍለታል፤ ዜሮ ማለት በሽታው ከአገልግሎት መምጣቱ ታውቆለት ገንዘብ የማይከፈልበት ደረጃ ነው። ሰንጠረዡ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ ምን ያህል ጊዜ ይጥልሃል፣ ከሥራህስ ምን ያህል ያስቀርሃል? ጭንቅላቱ ተመትቶ ራሱን ለሚያመው ወታደር ግን ሌላ ደንብ ተጽፎ ነበር። ከአንጎል ጉዳት በኋላ ለሚመጣ ራስ ምታት፣ መፍዘዝና እንቅልፍ ማጣት፣ ሕመምተኛው ከሚናገረው ሌላ ማሳያ ከሌለ 10 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ አይበልጥም ይል ነበር። ሁለት ወታደሮች በወር እኩል ቀን አልጋ ላይ ቢውሉም፣ ማይግሬን የሚል ስም ያገኘው 50 በመቶ ድረስ ሊደርስ ሲችል፣ ጭንቅላቱን በፍንዳታ የተመታው 10 ላይ ይቆም ነበር። ለዚህ ልዩነት ከጥርጣሬ በቀር ሌላ ምክንያት አይገኝለትም።

ማስረጃ በሰነድ ብቻ ይሁን የሚለው አመለካከት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ጁላይ 12 ቀን 1973 በእሳት ታየ። በሴንት ሉዊስ አካባቢ የሚገኘው የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ፋይሎች ጠፉ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 በመቶው ወደመ። በ1944 ጣሊያን ውስጥ ራሱን አሞት የጦር ሰፈር ክሊኒክ የገባ ሰው ከዚያ በኋላ ሊያሳይ የሚችለው ወረቀት አልነበረውም፤ ወረቀቱን ያጠፋው ደግሞ እሱ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ወረቀት የለህምና መብት የለህም ቢለው በሰውየው ላይ የሚፈርደው በመንግሥት ቤት በተነሳ እሳት ነው። ፍርድ ቤቶች በኋላ በዚህ ላይ ሲወስኑ፣ መዝገቡ በመንግሥት እጅ ሳለ ከጠፋ መሥሪያ ቤቱ ይበልጥ ተጠንቅቆ እንዲመረምርና ምክንያቱን አብራርቶ እንዲጽፍ አዘዋል።

የተዘጋው በር የተከፈተው በ1988 ነው። ኖቬምበር 18 ቀን ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን የፈረሙት ሕግ የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ ብቻ የሚያይ ፍርድ ቤት አቋቋመ፤ የ10 ዶላሩንም ጣሪያ አነሳ። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር የራስ ምታት ዓይነቶችን የመጀመሪያ የጋራ መመደቢያ አሳተመ፤ ማይግሬን የሚታወቀው ሕመሙ በሚቆይበት ሰዓት፣ በሚመታበት ጎን፣ በሚያስከትለው ማቅለሽለሽና ብርሃንን በመጥላት ሆነ። እነዚህ ሁሉ ከሕመምተኛው አንደበት የሚገኙ ናቸው። ሕክምናው የሕመምተኛውን ቃል የምርመራ መሣሪያ አድርጎ በሥርዓት ባስቀመጠበት ዓመት ሕጉም ቃሉን በዳኛ ፊት የማሰማት መብት ሰጠ። አዲሱ ፍርድ ቤት ወዲያው ሥራ ጀመረ። በ1990 ባወጣው ውሳኔ፣ የድጋፉና የተቃውሞው ማስረጃ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለወታደሩ ጥቅም መተርጎም እንዳለበት አጸና። በ1991 ደግሞ የይግባኝ ቦርዱ አባላት የራሳቸውን የሕክምና ግምት በማስረጃ ቦታ መተካት እንደማይችሉ ተናገረ። ከመቶ ዓመት በፊት በአሥራ ስምንተኛ ክፍልፋይ ይጽፍ የነበረው ልቅ ግምት ልጓም የገባለት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ጊዜ 700,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዘምተው ተመለሱ። ጦርነቱ በ1991 ሲያበቃ ብዙዎቹ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ችግርና ራስ ምታት ይዘው መጡ፤ ሐኪሞች ለዚህ ስም አጡለት። በቀድሞው ሕግ ስም የሌለው በሽታ ካሳ አልነበረውም። ኮንግረስ በ1994 ያልታወቀ ሕመም በራሱ ካሳ እንዲያሰጥ ፈቀደ፤ በደንቡ ላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ ራስ ምታት ነው። በ2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ ደግሞ ሕመሙ ቢያንስ 10 በመቶ መድረስ አለበት የሚለውን ገደብ አስቀርቶ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ደረጃ ቢታይ በቂ ነው አለ፤ ሕጉ የሚሸፍናቸውን የአገልግሎት ቦታዎችም አፍጋኒስታንን ጨምሮ አሰፋ። በዚህ ዓይነት ሕጉ ከአንድ ትውልድ በፊት የማይታሰብ ነገር አመነ፤ ሐኪሙ ያልሰየመውን ሕመም የታመመው ሰው ያውቀዋል።

ከ2000 በኋላ የመጡት ውሳኔዎች ይህን መስመር አጠናከሩት። በ2000 የወጣ ሕግ መሥሪያ ቤቱ አመልካቹን ማስረጃ በማሰባሰብ እንዲረዳ ግዴታ ጣለበት። በ2004 የወታደሮቹ ፍርድ ቤት አንድ የማይግሬን ይግባኝ ሲያይ፣ 50 በመቶ ለማግኘት ሰውየው ከናካቴው ሥራ ፈት መሆን የለበትም፤ ሕመሙ በሥራው ላይ ከባድ ችግር የማስከተል አቅም ያለው መሆኑ ይበቃል የሚል ፍች ሰጠ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀድሞ እየሠራህ ነው እየተባለ ስንቱ ተመልሷል። በ2006 ከእሱ በላይ ያለው የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት የዘመኑ የሕክምና መዝገብ አለመኖሩ ብቻውን የወታደሩንና የጓዶቹን ምስክርነት ለመጣል ምክንያት እንደማይሆን ወሰነ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን መንገድ ዳር የተቀበሩ ፈንጂዎች የስንቱን አንጎል እንደናጡ ሲታወቅም ያ የ10 በመቶ ደንብ በኦክቶበር 2008 ተሻረ፤ ከጭንቅላት ጉዳት የመጣ ማይግሬን በራሱ ቁጥር እንዲመዘን ተደረገ። በ2012 ሰንጠረዡ መድኃኒትን በማይጠቅስበት ሁሉ፣ መድኃኒት አሽሎታል ተብሎ ከፍ ያለው ደረጃ እንዳይከለከል ተወሰነ፤ የማይግሬን መስፈርትም መድኃኒትን አይጠቅስም። በኤፕሪል 2018 ደግሞ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንዲት የባሕረ ሰላጤው ዘመን ወታደር የጉልበት ሕመም ጉዳይ፣ ሕመም ብቻውን፣ ሥር መሠረቱ በምርመራ ባይታወቅም፣ ሥራን እስካሰናከለ ድረስ የአካል ጉዳት ሊሆን ይችላል አለ። በ1776 ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት መለኪያዎች ሁለተኛው ያሸነፈበት ፍርድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ሦስት ነገር ነው፤ ሁሉም መልስ ይገባዋል። አንደኛው፣ በቃል ከታመነ ሁሉም ይዋሻል የሚለው ነው። ሆኖም ሕጉ የወታደሩ ቃል ይሰማ አለ እንጂ እንዳለ ይጽደቅ አላለም። ቃሉ ይመረመራል፤ ለሐኪሙ የተናገረው ለቦርዱ ከተናገረው ጋር ይስማማል? ሕክምና ፈልጓል? አሠሪው የቀረበትን ቀን ይመሰክራል? በ2018 የወታደሮቹ ፍርድ ቤት የማይግሬን ደረጃዎች በእርከን የተያያዙ መሆናቸውን፣ ከላይኛው ለመድረስ የታችኛውንም ማሟላት እንደሚያስፈልግ መወሰኑ በሩ ልቅ አለመሆኑን ያሳያል። ሁለተኛው፣ ማይግሬን በሰላማዊው ሕዝብም ዘንድ የተለመደ ነው፤ በአሜሪካ ከሴቶች 18 በመቶ፣ ከወንዶች 6 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ታዲያ ሠራዊቱ ምን አገባው የሚለው ነው። መልሱ ሦስቱ የማስረጃ ምሰሶዎች ናቸው፤ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም አስተያየት። በሽታው የተለመደ መሆኑ ማያያዣውን ከባድ ያደርገዋል እንጂ አቤቱታውን ባዶ አያደርገውም። ሦስተኛው፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ ለምን አልተናገረም የሚለው ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወታደር ግን የሚሸሽገው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ራሴን አመመኝ ያለ አብራሪ ከበረራ ይታገዳል፤ ጓዱን ጥሎ ክሊኒክ የሚሄድ ወታደርም በጓዶቹ ዓይን ይቀልላል። ዝምታን የሚያስተምር ተቋም ዝምታውን መልሶ በማስረጃነት ሊያቀርብ አይገባውም።

ታሪኩ ግን ገና አልተዘጋም። አልጋ ላይ የሚጥል የሚለው ሐረግ በደንቡ ላይ ፍች አልተሰጠውም፤ መሥሪያ ቤቱ በውስጥ መመሪያው የሚሰጠው ፍች ፍርድ ቤቶችን አያስገድድም፤ ስለዚህ አንዱ ገምጋሚ ጨለማ ክፍል ገብቶ መተኛትን በቂ ሲለው፣ ሌላው አይበቃም ይላል። ጣሪያው 50 በመቶ መሆኑም ሌላ ጉድለት ነው። ቤተሰብ ለሌለው ሰው በ2025 የ50 በመቶ ክፍያ በወር 1,102.04 ዶላር፣ የ100 በመቶ 3,831.30 ዶላር ነበር። ሥራ መያዝ የተሳነው ሰው እንደ 100 በመቶ እንዲከፈለው የሚፈቅደው ደንብ ግን አንድ ብቻ ጉዳት ላለው 60 በመቶ ይጠይቃል። ማይግሬን ብቻውን 60 ሊደርስ ስለማይችል፣ በወር ግማሹን ጊዜ የሚተኛ ሰው በተራው በር መግባት ተከልክሎ በልዩ ሁኔታ ታይቶ እንዲፈቀድለት መጠበቅ አለበት። ሰንጠረዡ የሥራ ቀን እቆጥራለሁ ብሎ ቃል ከገባ፣ ቀኖቹ ሲበዙ ቆጠራውን ማቆም የራሱን መርህ ማፍረስ ነው። ይህ ጣሪያ መነሳት አለበት።

የይግባኙ ሥርዓትም በብዙ መዘግየት ውስጥ አልፏል። በማርች 2013 ከ125 ቀን በላይ የቆዩ ማመልከቻዎች 611,000 ደርሰው ነበር፤ ይግባኞችም ዓመታት ይወስዱ ነበር። በኦገስት 2017 የተፈረመውና ከፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ውድቅ ለተደረገበት ሰው ሦስት መንገድ ሰጠው፤ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት፣ በዚያው ማስረጃ ከፍ ባለ ገምጋሚ ማስመርመር፣ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ። ለኋለኞቹ ሁለት መንገዶች የጊዜው ገደብ አንድ ዓመት ነው፤ በሦስቱም ቢሆን በአንድ ዓመት ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው ካሳው የሚታሰብለት ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ነው።

ይህ ነገር አማርኛ ተናጋሪውንም ይነካዋል። በ2009 ተጀምሮ በ2016 እስኪቆም ድረስ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ገና ያላገኙ ስደተኞችን በቋንቋቸው ምክንያት ወደ ሠራዊቱ ይቀበል የነበረው ፕሮግራም አማርኛን ከተፈላጊ ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ በሌላ መንገድ ገብተው ያገለገሉ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያንም አሉ። ሕመምን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት በሚታይበት ቤት ያደገ ሰው በምርመራው ቀን ደህና ነኝ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ ያ አንድ ቃል በመዝገቡ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ያገለገላችሁና ራሳችሁን የሚያማችሁ ሁሉ፣ ሕመሙ የጣላችሁን ቀን፣ የቆየበትን ሰዓትና ከሥራ ያስቀራችሁን ጊዜ በየዕለቱ ጻፉ። ያዩዋችሁን የትዳር ጓደኛ፣ ጓድና የሥራ ባልደረባ በፊርማቸው እንዲመሰክሩ ጠይቁ። አሜሪካን ሊጅንን የመሳሰሉ የወታደሮች ማኅበራት ያለ ክፍያ ይረዷችኋል። ውሳኔው ውድቅ ከሆነም አንዱ ዓመት ሳያልፍ ይግባኝ በሉ።